የፋሽን ሥዕልን በኮምፒዩተር መማርና የሸማ ሥራ ሕግ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር)




የፋሽን ሥዕል የመሐንዲሶች ጉባኤ መነጋገሪያ መሆኑ በመጀመሪያ ሲሰማ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዛሬ አንዲት የልብስ ንድፍ ተማሪ በስክሪን ላይ የቀሚስ አንገት ስትሥል የምትስበው መስመር የተወለደው ከመሐንዲስ ጠረጴዛ ላይ ነው። ፖል ደ ካስተልዦ በሲትሮየን፣ ፒዬር ቤዚዬ ደግሞ በሬኖ የመኪና ፋብሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ውስጥ በየፊናቸው የደከሙበት ጉዳይ የመኪናን ገላ ጕብጠት በቍጥር መግለጽ ነበር። ያገኙት መስመር በአራት ነጥብ ይቆማል፤ ሁለቱ የመስመሩ መነሻና መድረሻ ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ መስመሩን ሳይነኩት ወደ ራሳቸው የሚስቡት ናቸው። አዶቢ ኢሉስትሬተር የተባለው ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ1987 ለገበያ ሲቀርብ ይኸንኑ መስመር ለሠዓሊ እጅ አስረከበ። ልብስ ሰፊ በጐባጣ ማስመሪያ ሲያወጣው የኖረውን የብብት ቅርጽ ተማሪዋ ዛሬ በአራት ነጥብ ታወጣዋለች።

እንግዲህ መሐንዲሱ በዚህ ጉዳይ ባለቤትም ተጠያቂም ነው። የዚህ ንግግር ጥያቄም የሚነሣው ከዚሁ ነው፤ ይኸውም፣ በእጅ ይሣል የነበረው ሥዕል ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ተማሪዋ ምን አገኘች፣ ምንስ ከእጇ ወጣ የሚለው ነው። መልሱ በሥዕል ክፍሉ አራት ግድግዳ ውስጥ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ሽሮ ሜዳ ከሸማኔው ጕድጓድ ድረስ ይወርዳል።

ኢቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዶክትሬት ማዕረግ ያቀረበው ስኬችፓድ የተባለ ፕሮግራም በብርሃን ብዕር በስክሪን ላይ ከሚሣልባቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። የፕሮግራሙ ትልቅነት ግን በመሣሉ ብቻ አልነበረም። ለመስመሮቹ ግዴታ መስጠት ይቻል ነበር፤ እነዚህ ሁለቱ ትይዩ ይሁኑ፣ እነዚያ እኩል ርዝመት ይኑራቸው ተብሎ ሲታዘዝ ሥዕሉ ራሱን አርሞ ይታዘዛል። መሐንዲሶች የሚጠቀሙባቸው የንድፍ ሶፍትዌሮች ይህን ጠባይ ወርሰዋል። ለሠዓሊ የተሠሩት ሶፍትዌሮች ግን ግዴታውን ትተው ነፃነቱን ብቻ ወሰዱ። ለሠዓሊ ይህ ተገቢ ነው። ልብስ ነዳፊ ግን ግማሽዋ ሠዓሊ፣ ግማሽዋ መሐንዲስ ናት፤ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

የፋሽን ሥዕል በመጽሔት ሽፋን ላይ የነበረውን ቦታ ለፎቶግራፍ ቀስ በቀስ የለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1932 ቮግ መጽሔት የኤድዋርድ ስታይከንን ባለቀለም ፎቶግራፍ ሽፋኑ ካደረገ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ሆኖም አልጠፋም። ከፖርቶ ሪኮ ተነሥቶ በኒው ዮርክና በፓሪስ የሠራው አንቶኒዮ ሎፔዝ እስከ ሞተበት እስከ 1987 ድረስ ሥዕሉን በፎቶግራፍ ዘመን መካከል አቁሞ አሳይቷል። (ዓመቱ ኢሉስትሬተር ከወጣበት ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው፤ ነገር ግን የሚያስታውሱት አጋጣሚ ነው።) በትምህርት ቤት ደግሞ ሥዕሉ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ያልተሰፋን ልብስ ፎቶግራፍ ሊያነሣው አይችልምና።

በሀገራችን ይህ ትምህርት ከሚሰጥባቸው ስፍራዎች አንዱ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1963 በተከፈተው ፖሊቴክኒክ ከነበረው የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ይመዘዛል። ከዚህም ሌላ በየከተማው ያሉ የግል ማሠልጠኛዎች አሉ። ተማሪዎቹም መሣሪያቸው የተለያየ ነው፤ አንዷ ስክሪን ባለው ታብሌት ትሥላለች፣ ሌላይቱ በማውስ፣ ሦስተኛይቱ በስልክ ላይ በጣቷ። እንደ ክሪታና ኢንክስኬፕ ያሉ በነፃ የሚገኙ ሶፍትዌሮች መኖራቸው ለብዙዎች በሩን ከፍቷል፤ የሶፍትዌር ዋጋ ዛሬ ሰበብ ሊሆን አይገባውም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ችግር የእጅ ነው። ስክሪን በሌለው ታብሌት እጅ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፣ ዓይን ሌላ ቦታ ያያል፤ ሁለቱ እስኪስማሙ ድረስ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ብዕሩ የእጅን ጫና ይለካል፤ ከ2017 ወዲህ ከወጡት የዋኮም ታብሌቶች አንዳንዶቹ ጫናውን በ8192 ደረጃ ይለያሉ። ይህ ቍጥር ለሻጭ የሚጠቅመውን ያህል ለተማሪ አይጠቅምም። ከሰል እርሳስ ይዞ የማያውቅ እጅ ከ8192ቱ ደረጃዎች የሚጠቀመው በጥቂቶቹ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ችግር የመመለሻ ትእዛዝ ነው። በውሃ ቀለም የሚሠራ ሰው ብሩሹ ወረቀቱን ከነካ በኋላ የሚመልሰው ነገር የለም፤ ስለዚህ ብሩሹ ከመውረዱ አስቀድሞ ያስባል። ኮምፒዩተሩ ግን የተሳሳተውን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ያነሣል። ተማሪዋ የትከሻውን መስመር አሥር ጊዜ ትስባለች፤ ከአሥሩ አንዱን በዕድል ታገኘዋለች፤ ዘጠኙ ምን እንደ ጐደላቸው ግን አታውቅም፣ ጠፍተዋልና። ስለዚህ መመለሻውን ከልክሎ፣ አንድ ደቂቃ ሰጥቶ፣ አንድ ሰው ቆሞ እያለ ማሣል ከአንድ ወር የሶፍትዌር ትምህርት ይበልጣል። ተማሪዎች ይህን ልምምድ አይወዱትም።

ስለ ሰው ቅርጽ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አንድ ነገር ግን በቍጥር መታየት አለበት። የሰው ቁመት በአማካይ ከራሱ ርዝመት ሰባት ተኩል እጥፍ ያህል ነው። በፋሽን ሥዕል ግን ዘጠኝ ይደረጋል፤ የተጨመረውም አብዛኛው በእግር ላይ ነው። ቁመቷ 160 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴት የራስዋ ርዝመት 21 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ተኩል ራስ ሲጨመርላት 32 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሌለ እግር በሥዕሉ ላይ ይበቅላል። በዚህ ረጅም ቀሚስ ግርጌ ላይ አምሮ የታየ ሰፊ ጥለት በእውነተኛው ሰው ላይ ሲሰፋ ከብዶ ይታያል። በወረቀትም ቢሆን ይህ ነበረ። ኮምፒዩተሩ ያባሰው ተማሪዋ አንድ ጊዜ የሠራችውን ቅርጽ እየቀዳች ለዓመታት ስለምትጠቀምበትና ስሕተቱን ዳግመኛ ስለማታየው ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ጨርቁ መምጣት ይገባል። ማድሌን ቪዮኔ የተባለችው የፓሪስ ልብስ ነዳፊ፣ ጨርቅን በሰያፍ መቍረጥን በ1920ዎቹ ያስከበረችው፣ ልብሶቿን የምታወጣው በወረቀት ላይ ሳይሆን በትንሽ የእንጨት አሻንጉሊት ላይ ጨርቅ እየጣለች ነበር። ጨርቁ በድሩ አቅጣጫ ሲንጠለጠል አንድ ዓይነት፣ በሰያፍ ሲንጠለጠል ሌላ ዓይነት ይወድቃል፤ ይህን እጅ እንጂ ዓይን አይማረውም። ዛሬ እንደ ኮሪያው ክሎ ያሉ ፕሮግራሞች የጨርቁን ክብደት፣ መለጠጥና መታጠፍ በቍጥር ተቀብለው አወዳደቁን በስክሪን ላይ ያሳያሉ። ድንቅ ሥራ ነው። ሆኖም በእጅ የተፈተለና በእጅ የተሸመነ ሸማ ተለክቶ ካልገባለት ፕሮግራሙ ሸማውን በሌላ ጥጥ ልክ ያወርደዋል።

የሀገር ልብስ ለሚሥል ተማሪ ከሁሉ የሚከብደው ነጩ ነው። በውሃ ቀለም የሚሠራው ነጩን አይቀባውም፤ ይተወዋል፤ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። በስክሪን ላይ ግን ነጭ ማለት ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው ብርሃን እያንዳንዳቸው 255 የደረሱበት፣ ከዚያም በላይ መሄጃ የሌለበት ጫፍ ነው። ተማሪዋ ቀሚሱን ሁሉ 255 አድርጋ ከሞላችው ፀሐይ የሚያርፍበትን እጥፋት የምታሳይበት ቦታ አጣች ማለት ነው። የገባት ተማሪ የጨርቁን ነጭ ወደ 235 ገደማ ዝቅ ታደርገዋለች፤ ላይኛውን ጫፍ ለብርሃን ታስቀምጠዋለች፤ ጥላውንም ከንጹሕ ግራጫ ይልቅ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቡናማ ያዘነበለ ታደርገዋለች። ይህን ለማየት ወደ ኮምፒዩተር መሄድ አያስፈልግም፤ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቆሞ ነጠላ የለበሰውን ሕዝብ መመልከት ይበቃል። አንዱም ነጭ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም።

ነጠላ ከሁለት ስስ ሸማ ይደረባል፤ ጋቢ ከአራት። አንዱ ድርብ ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 60 እጁን ያሳልፋል ቢባል፣ ሁለቱ 36 እጅ፣ አራቱ ደግሞ 13 እጅ ያህል ያሳልፋሉ። እንግዲህ ነጠላ ትከሻ ላይ ታጥፎ ሲያርፍ በዚያ ቦታ አራት ድርብ ሆነ፤ ከሥሩ ያለው ቀሚስም በዚያ ቦታ ሊጠፋ ጥቂት ቀረው። በኮምፒዩተር የሚሣለው ሥዕል ሌየር በሚባሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ በሚነጠፉ ግልጽ ገጾች ይሠራል። ተማሪዋ ነጠላውን በአንድ ሌየር ሥላ ግልጽነቱን በአንድ ቍጥር ከወሰነችው ጨርቁ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ላስቲክ እንጂ ነጠላ አይመስልም። እያንዳንዱ ድርብ የራሱ ሌየር ሲሰጠው ግን ሒሳቡን ኮምፒዩተሩ ራሱ ያባዛዋል። እዚህ ላይ መሣሪያው ከወረቀት ይበልጣል፤ መመስገንም አለበት።

አሁን ክርክሩ ወደሚጠነክርበት ወደ ጥበቡ እንምጣ። ጥበብ በጨርቅ ላይ የተለጠፈ ሥዕል አይደለም፤ የጨርቁ አካል ነው። ሸማኔው ድሩን በጣቱ እየቈጠረ፣ ባለቀለሙን ማግ በመካከሉ እያስገባ፣ መደበኛውን ማግ እየወረወረ ያወጣዋል። ስለዚህ ጥበብ ሁልጊዜ በድርና በማግ አራት ማዕዘን ላይ የቆመ፣ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ ነው። የሸማኔው ወርድም እጁ መወርወሪያውን ወርውሮ በሚቀበልበት ርቀት ይወሰናል፤ አንድ ሜትር አይሞላም።

አንዲት ተማሪ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ሙሉ ክብ ቀሚስ ሥላ በግርጌው 15 ሴንቲ ሜትር ጥበብ አዞረችበት ይባል። ሶፍትዌሩ የጥለት ብሩሽ የሚባል አለው፤ የጥለቱን አንድ ቁራጭ ይቀበልና በተሰጠው መስመር ሁሉ እየደጋገመ፣ መስመሩ ሲጐብጥ አብሮ እያጐበጠ ይነጥፈዋል። ሥዕሉ ያማረ ይሆናል። መምህሩ ያደንቃል፤ ደንበኛም ካየችው ትወደዋለች። ወገቡ 70፣ ርዝመቱ 90 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የዚህ ቀሚስ ግርጌ ዙሪያው 635 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የጥበቡ ላይኛ ጠርዝ የሚያርፍበት ዙሪያ ግን 541 ብቻ ነው። የ94 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አለ፤ በድርና በማግ የተሠራው ጥበብ ደግሞ ላይና ታቹ እኩል ነው። ይህ ልዩነት ቀሚሱ ቢያጥርም ቢረዝምም አይለወጥም፤ የጥበቡ ስፋት በሁለት ፓይ ሲባዛ የሚገኘው ነውና። ስለዚህ ሰፊዋ ወይ 94 ሴንቲ ሜትሩን በስንጥቅና በእጥፋት ትበላዋለች፣ ጥለቱም በየቦታው ይሰበራል፤ ወይም ጥበቡን ታጠበዋለች፤ ወይም ሥራውን አልችልም ትላለች።

የቀድሞ ሰፊዎች ይህን ሒሳብ በወረቀት አልሠሩትም፤ መፍትሔው ግን በእጃቸው ነበረ። ቀሚሱን በክብ አልቈረጡትም። ወርዱ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ሸማ አራት ወርድ አጋጥመው፣ ግርጌውን ቀጥ እንዳለ ትተው፣ 320 ሴንቲ ሜትሩን ወገብ ላይ ሰብስበው 70 አደረጉት። ጥበቡ አንድ ክር ሳይሰበር ዞረ። በወገብ ላይ የሚታየው ሽብሽብ ለጌጥ ብቻ የተደረገ የሚመስለው ካለ፣ የሸማኔውን ቀጥ ያለ ሥራ ከሴት ልጅ ክብ ገላ ጋር ያስታረቀው እርሱ መሆኑን ይመልከት።

ነገሩ በተማሪ ስሕተት ብቻ ቢያልቅ ኖሮ ይህን ያህል ባላነጋገረ ነበር። ነገር ግን የሚጐብጠውን ጥበብ ሸማኔ ባይሠራውም የሚሠራው አለ፤ እርሱም የማተሚያ ማሽን ነው። ለማተሚያ ማሽን ድርና ማግ ግዱ አይደለም፤ ጥለቱ ቢዞር፣ ቢጠማዘዝ፣ ቢሰፋ ሁሉም ለእርሱ ቀለም ነው። ተማሪዋ በስክሪን ላይ የሠራችው ፋይል ሳይለወጥ በቀጥታ ወደ ማሽኑ ሊሄድ ይችላል። ከውጭ የሚገባ፣ ጥበብ መስሎ የታተመ ጨርቅ ዛሬ በገበያ ከተሸመነው አጠገብ ተሰቅሎ ይሸጣል፤ ዋጋውም እጅግ ይቀንሳል። እንግዲህ ተማሪዋ ጥለቱን በብሩሽ ስታጐብጠው የውበት ምርጫ ብቻ ያደረገች ቢመስላትም፣ ሥራው ከጋሞ ደጋ መጥቶ ሽሮ ሜዳ ለተቀመጠው ሸማኔ እንዳይደርስ በዚያች ደቂቃ ወስናለች። የታተመ ጨርቅ መልበስ ነውር አይደለም፤ የተሸመነውን መግዛት ለማይችል ቤተሰብ የበዓል ልብስ ይሆናል። ነገር ግን ነዳፊዋ የመረጠችው አውቃ ይሁን እንጂ ብሩሹ መርጦላት አይሁን።

እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በቃል ታዘው ሥዕል የሚያወጡ ፕሮግራሞች ለሕዝብ ከተከፈቱ በኋላ ጉዳዩ ይበልጥ ፈጥኗል። እነዚህ የሀበሻ ቀሚስ ሥሉ ሲባሉ ይሥላሉ። ጥበቡ ከሩቅ ሲታይ ጥበብ ነው፤ ቀርቦ ለሚቈጥረው ግን ብዙ ጊዜ አንዱ አልማዝ ከሚቀጥለው ጋር አይገጥምም፤ ከየትኛው ክር እንደሚጀመርም አይታወቅም።

ስለዚህ በትምህርቱ ሊደረግ የሚገባው ኮምፒዩተሩን ማስወጣት አይደለም። ሰዘርላንድ ለመስመሩ የሰጠውን ግዴታ ተማሪዋ ራስዋ ለሥዕሏ እንድትሰጥ ማድረግ ነው እንጂ። መንገዱም ረጅም አይደለም። ተማሪዋ በመጀመሪያ አጕሊ መነጽር ይዛ ከሸማው አንድ ሴንቲ ሜትር ላይ ስንት ድር፣ ስንት ማግ እንዳለ ትቈጥራለች። ድሩ 20፣ ማጉ 16 ሆኖ ተገኘ ይባል። በስክሪኑ ላይ አንዱ ፒክሰል የአንድ ድርና የአንድ ማግ መገናኛ እንዲሆን አድርጋ አዲስ ፋይል ትከፍታለች። ሶፍትዌሩ የመስመርን ጠርዝ በግማሽ ቀለም የሚያለሰልስበትን ጠባይ ትዘጋዋለች፤ ግማሽ ቀለም ያለው ክር የለምና። ቀለሞቿም በሸማኔው እጅ ካሉት ክሮች ቍጥር አይበልጡም። በዚህ ፋይል 40 በ40 የሆነ አልማዝ በስክሪን ላይ እኩል ጐን ያለው ሆኖ ይታያል፤ በጨርቁ ላይ ግን ወርዱ 2 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሆኖ ይወጣል። ተማሪዋ ይህን አይታ ወይ ታርመዋለች፣ ወይ የረዘመውን ትወደዋለች። የሥዕሉ ቀሚስ የሚሣለው ከዚህ በኋላ ነው። ከሥዕሉም ጋር አብሮ፣ መሐንዲስ ከሕንፃው ውብ ምስል ጋር የሥራ ንድፍ እንደሚያቀርበው ሁሉ፣ የሰው ቅርጽ የሌለበት፣ ልኩና ስፌቱ የተጻፈበት ጠፍጣፋ ንድፍ ይቀርባል።

የታተመው ወረቀት ወደ ሸማኔው ሲሄድ እውነተኛው ፈተና ይጀመራል። ሸማኔው ወረቀት አይቶ መሥራት ልማዱ አይደለም፤ ጥለቱ በራሱ ውስጥ ነው። ነገር ግን የቈጠረን ሰው ያውቃል። ተማሪዋ የደጋገመችው ጥለት በ36 ድር የሚመለስ ከሆነ፣ ወርዱ ደግሞ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ይኸውም 1600 ድር ከሆነ፣ ሸማኔው ጥቂት አስቦ ቀሪዎቹን 16 ድሮች የት እንደምታደርሳቸው ይጠይቃታል። እርስዋም ወደ ፋይሏ ተመልሳ ስምንቱን በግራ ዳር፣ ስምንቱን በቀኝ ዳር ነጭ አድርጋ ትተዋቸዋለች።